ከሥዕል ጎን «የሬምብራንት ስቱዲዮ» ሲባል፣ ሬምብራንት ራሱ ሳለው ማለት ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ በአጭሩ ላስረዳ። በሙዚየም ከሥዕሉ ጎን የሬምብራንት (የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊ) ስም ብቻውን ከተጻፈ፣ ሙዚየሙ ሥዕሉን ሬምብራንት ራሱ ሳለው ብሎ ያምናል። «ስቱዲዮ» ከተጨመረበት፣ እሱ ዘንድ የሚሠሩ ተማሪዎች ወይም ረዳቶች ሥራ ነው። «ተከታይ» ከተባለ ደግሞ የእሱን አሳሳል የያዘ ሌላ ሰው ነው፤ ደጁን ረግጦ ላያውቅም ይችላል።

በርሊን ያለውን «ባለ ወርቅ ቁሩ ሰው» የተባለ ሥዕል እዩት፤ ቁር ማለት ወታደር ራሱ ላይ የሚደፋው የብረት ቆብ ነው። ቁሩ ላይ ቀለሙ ወፍሮ፣ ከሸራው ጎላ ብሎ ያበራል፤ ፊቱ ግን ጨለም ብሏል። ለረጅም ዘመን የሬምብራንት ድንቅ ሥራ ሲባል ኖሮ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. «የእሱ እጅ አይደለም፣ በዙሪያው የነበረ ሠዓሊ ነው» ተባለ። ለእኔ ግን ያ ቁር ዛሬም ልብ ይሰርቃል።

የማይቆረጠው ነገር፣ ስቱዲዮ በተባለው ሥዕል ላይ ሬምብራንት ራሱ ምን ያህል ብሩሽ አሳርፎበታል የሚለው ነው። ይህ ከሥዕል ሥዕል ይለያያል፤ ባለሙያዎችም ሁሌ አይስማሙበትም።