ኤም 13 ጋላክሲ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ነገሩን እናጥራው። ኤም 13 ጋላክሲ አይደለም፤ ሉላዊ የከዋክብት ክምችት ነው። ማለትም በገዛ ስበታቸው ተያይዘው እንደ ኳስ የተሰባሰቡ፣ እጅግ ያረጁ ከዋክብት ናቸው። ክምችቱ ያለውም ጋላክሲ ውስጥ ነው። እኛ ያለንበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ብቻውን እንዲህ ያሉ ከ150 በላይ አሉት።

እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ በ1714 እ.ኤ.አ. ሲያየው ብዥ ያለች ነጥብ ነበረች። ዛሬም በባይኖኩላር እንደዚያው ነው። ቴሌስኮፑ ተለቅ ሲል ግን ዳር ያሉት ከዋክብት አንድ በአንድ ይለያሉ፣ መሃሉ ግን ተጨናንቆ ሳይለይ ይቀራል። በጣም ደስ የሚለው ይሄ ነው! በውስጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት አሉ።

የእኛ ጋላክሲ አካል መሆኑ እርግጥ ነው። ርቀቱ እንደ አለካኩ ከ22 እስከ 25 ሺህ የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ይባላል። የዕድሜው ግምትም ይለያያል፤ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ማለፉ ግን አያከራክርም።