ኦቨርድራይቭ ፔዳል፦ አመራረጡና አጠቃቀሙ

ኦቨርድራይቭ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ሻከር፣ ወፈር የሚያደርግ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ነገሩ የመጣው ከአምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ከሚያጎላው መሣሪያ ነው። ቲዩብ (አምፖል የሚመስል የመስታወት ክፍል) ያለው አምፕ ከልክ በላይ ሲከፈት የድምፅ ሞገዱ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ጆሯችን የሚወደው ሻካራነት ያ ነው። ችግሩ እዚያ እስኪደርስ ጎረቤት እንቅልፍ ያጣል። ፔዳሉ ያንን ድምፅ በትንሽ ቮልዩም ያመጣልሃል።

ዲስቶርሽንና ፈዝ የሚባሉት ዘመዶቹ ሞገዱን በጭካኔ ይቆርጡታል። ኦቨርድራይቭ ግን ለስለስ አድርጎ ነው የሚያጎብጠው። ለዚህ ነው ክሩን ቀስ ብለህ ስትነካው ጠራ የሚለው፣ ጠንከር አድርገህ ስትመታው ደግሞ የሚቆጣው። የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ቀነስ ብታደርግ እንኳ ሻካራነቱ አብሮ ይቀንሳል።

የፔዳል አምራቹ ቦስ ኦዲ-1 የተባለውን ኦቨርድራይቭ ያወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙም ሳይቆይ የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር መጣ፤ አረንጓዴዋን ሳጥን ጊታር የሚጫወት ሁሉ ያውቃታል፣ አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮንም ተጠቅሞባታል። በ1990ዎቹ የወጣው ክሎን ሴንታር የተባለው ኦቨርድራይቭ ደግሞ ዛሬ ዋጋው የማይቀመስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቅጂዎቹ ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ።

ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፔዳሉን ለብቻው ሲመዝን ነው። ቲዩብ ስክሪመርን ውሰድ። ባሱን ቀንሶ መሃለኛውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ቤት ቁጭ ብለህ ብቻህን ስትሞክረው «ባሱ የት ገባ?» ትላለህ፣ ቅር ይልሃል። ከባንድ ጋር ስትገባ ግን ታችኛውን ቦታ ባስ ጊታሩና ከበሮው ቀድመው ይዘውታል፣ ያንተ ሶሎ ከመሃል ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አምፕህ ራሱ መሃለኛው ድምፅ የበዛበት ከሆነ ግን ሌላ መሃል መጨመር አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ይሰጥሃል፤ ያኔ እንደ ቦስ ብሉዝ ድራይቨር ያለ ክፍት ድምፅ ያለው ይሻላል። ስለዚህ ስትሞክር የራስህን ጊታር ያዝ፣ ከተቻለም የራስህን አምፕ ወይም ቢያንስ የሚመስለውን።

አብዛኛው ፔዳል ሦስት ማዞሪያ አለው፦ ድራይቭ (የሻካራነቱ መጠን)፣ ቶን (የድምፁ ቅጥነት) እና ሌቭል (ከፔዳሉ የሚወጣው ድምፅ ከፍታ)። መጀመሪያ ድራይቩን ዝቅ፣ ቶኑን መሃል አድርግ። ከዚያ ፔዳሉን እያበራህና እያጠፋህ ድምፁ እኩል እስኪሆን ሌቭሉን አስተካክል፣ ከዚያ በኋላ ነው ድራይቩን ቀስ እያልክ የምትጨምረው። እኩል ካላደረግከው ጮክ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ብለህ ትሸወዳለህ፤ ጆሮ እንዲህ ነው። በተቃራኒው ድራይቩን ዜሮ አካባቢ፣ ሌቭሉን ከፍ አድርገህ ቀድሞውኑ የሚያጉረመርም አምፕ ፊት ብታስቀምጠው፣ የተዝረከረከው ባስ ይሰበሰባል። ሜታል ተጫዋቾች በጣም የሚወዱት ዘዴ ነው።

ብዙ ፔዳል ስትደረድር፣ ኦቨርድራይቩ በሰልፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማሚቶ ከሚፈጥሩት ከዲሌይና ከሪቨርብ በፊት ይገባል፤ ከኋላ ካስገባኸው ማሚቶውንም አብሮ ያሻክረዋል፣ ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። ኃይሉ ባብዛኛው 9 ቮልት ነው። አዳፕተር ስትገዛ ግን ፕላስና ማይነሱ በየት በኩል እንደሆነ ፔዳሉ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያየው፣ ከተገለበጠ ፔዳሉን ሊያቃጥለው ይችላል። በባትሪ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ስትጨርስ ገመዱን ከመግቢያው ንቀለው፤ ፔዳሉ ቢጠፋም ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።