አሃዳዊ የአውሮፓ ፓተንት ምንድን ነው?

በኖቬምበር 21 ቀን 2018 ሄግ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት ስለ ጤፍ ዱቄት ውሳኔ ሰጠ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት የያዘ አንድ የሆላንድ ኩባንያ ሌላውን የአገሩን ኩባንያ መብቴን ጥሷል ብሎ ከሶት ነበር። ዳኞቹ ክሱን ሲመረምሩ ፓተንቱን ራሱን አገላበጡትና የፈጠራ ብቃት የለውም አሉ፤ ፓተንቱም ተሻረ። ወሬው በ2019 መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙዎቻችን እልል አልን። ሁላችንም ልብ ያላልነው ነገር ግን ነበር። የሄግ ውሳኔ የሚሠራው ሆላንድ ውስጥ ብቻ ነው። ያው ፓተንት በጀርመን፣ በብሪታንያ፣ በጣሊያን፣ በኦስትሪያና በቤልጅየምም ተመዝግቦ ስለነበር፣ እነዚያን ለማስሻር በየአገሩ ፍርድ ቤት ሌላ ክስ፣ ሌላ ጠበቃ፣ ሌላ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ፓተንት እንዴት ስድስት ቦታ ይኖራል? አንዱ ጋ ሲሞትስ ሌላው ጋ እንዴት ይተርፋል? አሃዳዊ ፓተንት የሚባለው ነገር የመጣው ይህንን ለመለወጥ ነው። «አሃዳዊ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ፖለቲካ ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ትርጉሙ አንድ ወጥ፣ የማይከፋፈል ማለት ብቻ ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። ፓተንት በፈጠራ ባለሙያውና በመንግሥት መካከል ያለ ስምምነት ነው። ፈጣሪው የሥራውን ምስጢር ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ ለሕዝብ ይገልጣል። መንግሥት ደግሞ በምላሹ፣ ለተወሰነ ዘመን ያለ እሱ ፈቃድ ማንም ያንን ነገር እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ይከለክልለታል። አውሮፓ ውስጥ ዘመኑ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ክልከላው የመንግሥት ስለሆነ ከመንግሥቱ ድንበር አያልፍም።

የጤፉ ፓተንት ምን ይል እንደነበር ቀረብ ብለን እንየው። የቆመው «ፎሊንግ ነምበር» በሚባል የዱቄት መለኪያ ላይ ነው። ዱቄትና ውሃ በቱቦ ውስጥ በጥብጠው በሚፈላ ውሃ ያሞቁታል፤ እንደ ሙቅ ሲወፍር ከላይ ዘንግ ይለቁበታል፤ ዘንጉ ታች እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይቆጥራሉ። እህሉ ውስጥ ስታርች የሚሰብረው ኤንዛይም ከበዛ ሙቁ ይቀጥንና ዘንጉ ቶሎ ይሰምጣል። ኩባንያው የእኔ ነው ያለው እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 የሆነለትን የጤፍ ዱቄት ነው። ቁጥሩ ከፍ የሚለው ደግሞ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት እንዲቆይ ሲደረግ ነው። እህል ጎተራ አስገብቶ፣ አቆይቶ ማስፈጨት ለእኛ ገበሬ ምኑም አዲስ አይደለም። ሆኖም ሙኒክ ያለው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በ2007 ፓተንቱን ሰጠ። የመጀመሪያው ባለመብት በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ።

ያ ቢሮ የተቋቋመው በ1973 ሙኒክ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው፤ ማመልከቻ መቀበል የጀመረው በ1978 ነው። ብዙ ሰው የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤት ይመስለዋል፤ አይደለም። እንደ ስዊዘርላንድ፣ ቱርክና ብሪታንያ ያሉ የኅብረቱ አባል ያልሆኑ አገሮችም አሉበት፤ አባላቱ 39 ናቸው። የሚሰጠው ፓተንት እንደ ደመራ ችቦ ነው። ማመልከቻው አንድ፣ ምርመራው አንድ፣ ውሳኔው አንድ ሆኖ፣ ታስሮ ይሰጣል። ከተሰጠ በኋላ ግን ማሰሪያው ይፈታና እያንዳንዱ ጭራሮ የየአገሩ ፓተንት ይሆናል። ባለመብቱ በየአገሩ ያስመዘግባል፣ በብዙዎቹም ያስተረጉማል፣ በየዓመቱ ለየአገሩ የማደሻ ክፍያ ይከፍላል፤ የሰረቀውንም በየአገሩ ይከሳል። አንዱ ፍርድ ቤት የፈረደለትን ሌላው ሊፈርድበት ይችላል።

በዚህ የሚጎዳው ትንሹ ነው። ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ሃያ አገር ቢያስመዘግብ ወጪው አይሰማውም። ሦስት ሆነው መሣሪያ የሠሩ መሐንዲሶች ግን ጀርመንንና ፈረንሳይን መርጠው ሌላውን ይተዉታል። ዕቃ፣ ገንዘብና ሠራተኛ ድንበር ሳያግደው በሚያልፍበት የጋራ ገበያ ውስጥ፣ የፈጠራ መብት ብቻ በየኬላው እየቆመ ይፈተሽ ነበር።

ችግሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1975 ሉክሰምበርግ ላይ የጋራ ፓተንት የሚያቋቁም ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ አንድም ቀን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2000 የአውሮፓ ኮሚሽን እንደገና ሞከረ፤ ያም ተሰናከለ። ያሰናከለው ደግሞ የቴክኖሎጂ ወይም የኢኮኖሚ ክርክር ሳይሆን ቋንቋ ነው፤ የቋንቋን ነገር ለምናውቅ ለእኛ ይህ አይደንቀንም።

የሙኒኩ ቢሮ የሚሠራው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። የጋራው ፓተንት በሁሉም የኅብረቱ ቋንቋዎች ይተርጎም ከተባለ የትርጉሙ ወጪ ፓተንቱን ይውጠዋል። በሦስቱ ብቻ ይሁን ከተባለ ደግሞ ስፔንና ጣሊያን፣ የእኛ ዜጋ በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ሰነድ እንዴት ይከለከላል፣ እንዴትስ ይከሰሳል ብለው ተነሱ። ለእኔ ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ክልከላ የሚያስከትል ሰነድ የሚከለከለው ሰው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ መጻፍ አለበት የሚለው ሐሳብ የሕግ ሁሉ መነሻ ነው። በመጨረሻ ሌሎቹ 25 አገሮች ሁለቱን ትተው ለብቻቸው ቀጠሉ፤ በዲሴምበር 2012 አሃዳዊውን ፓተንትና የትርጉም ሥርዓቱን የሚደነግጉ ሁለት ደንቦች ወጡ። ስፔን በኅብረቱ ፍርድ ቤት ተከራክራ በሜይ 2015 ተረታች፤ ጣሊያን በዚያው ዓመት ሐሳቧን ለውጣ ገባች። የተደረሰበት ማስታረቂያ፣ ለሽግግር ጊዜ ከፓተንቱ ጋር አንድ ትርጉም ይቅረብ፣ ትርጉሙ ግን ለመረጃ ያህል እንጂ ሕጋዊ ኃይል አይኑረው የሚል ነው። የማሽን ትርጉም ሲጎለብት እሱም ይቀራል፤ ለዚህ የተቀመጠው የጊዜ ጣሪያ 12 ዓመት ነው።

ፖላንድ የቀረችው በሌላ ምክንያት ነው። በ2011 የኅብረቱን ምክር ቤት በተራዋ ስትመራ ድርድሩን የገፋችው እሷ ነበረች። ቆይታ ሒሳቡን ስታየው ግን፣ የራሷ ኩባንያዎች የሚይዙት ፓተንት ጥቂት፣ ሊታዘዙለት የሚገባው የውጭ ፓተንት ግን እልፍ ሆነባት። በ2013 አሃዳዊውን ፓተንት የሚዳኘው የጋራ ፍርድ ቤት የሚቋቋምበት ስምምነት ሲፈረም አልፈረመችም። ፓተንት ብዙ ለሚፈጥር አገር ጋሻ ነው፤ ብዙ ለሚገዛ አገር ግን አጥር ሊሆንበት ይችላል። ፖላንዶች ይህን በአደባባይ ማስላታቸውን አከብራለሁ።

ከዚያም በኋላ አሥር ዓመት ፈጀ። ብሪታንያ ስምምነቱን ካጸደቀች በኋላ ከኅብረቱ በመውጣቷ በ2020 ፊርማዋን አነሳች። ጀርመን ውስጥ የገጠመው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይገርማል። የጀርመን ፓርላማ በማርች 2017 የማጽደቂያውን ሕግ ያሳለፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ 35 ያህል አባላት ብቻ በአዳራሹ ተገኝተው ነው። ተቃዋሚ አልነበረም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ2020፣ የዳኝነት ሥልጣንን ለውጭ ተቋም አሳልፎ የሚሰጥ ሕግ የመላው ፓርላማ አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል ብሎ ሻረው። በቂ ድምፅ ተገኝቶ ሕጉ ዳግም ጸደቀ፤ ጁን 1 ቀን 2023 አሃዳዊው ፓተንት በ17 አገሮች ሥራ ጀመረ። በሴፕቴምበር 2024 ሩማንያ 18ኛ ሆና ገባች።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ማመልከቻውና ምርመራው እንደ ድሮው ሙኒክ ነው። ፓተንቱ ሲሰጥ ባለመብቱ በአንድ ወር ውስጥ አሃዳዊ ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለት ችቦው አይፈታም፤ በ18ቱ አገሮች አንድ መብት፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የማደሻ ክፍያ ይሆናል። ስፔን፣ ፖላንድ፣ ስዊዘርላንድ ወይም ብሪታንያ የሚፈልግ ግን እነሱን በድሮው መንገድ ለየብቻ ያስመዘግባል።

የክፍያው አተማመን ልብ የሚባል ነው። ልኩ የተወሰደው በ2015 የአውሮፓ ፓተንቶች በብዛት ይመዘገቡባቸው ከነበሩት አራት አገሮች የማደሻ ክፍያ ድምር ነው። ሥራው ሲጀመር በወጣው ታሪፍ መሠረት የሁለተኛው ዓመት ክፍያ 35 ዩሮ፣ የ20ኛው ዓመት 4,855 ዩሮ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ድምር 5,000 ዩሮ አይሞላም። ክፍያው ከዓመት ዓመት እንዲከብድ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። የማይጠቅመውን ፓተንት ይዞ መንገድ የሚዘጋ ሰው ክፍያው ሲከብደው ይለቀዋል፤ የተለቀቀውም ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ሌላም ጎን አለው። በድሮው መንገድ ገንዘብ ሲያጥር ዛሬ ፖርቱጋልን፣ ነገ ስዊድንን እየጣሉ ጀርመንን ማቆየት ይቻል ነበር፤ በአሃዳዊው ግን ወይ ሁሉንም መያዝ ነው፣ ወይ ሁሉንም መልቀቅ።

ፍርድ ቤቱም እንደዚያው ነው። የተዋሐደው የፓተንት ፍርድ ቤት ማዕከላዊ ችሎቶቹ ፓሪስ፣ ሙኒክና ሚላን ናቸው፤ በአባል አገሮቹም የአካባቢ ችሎቶች አሉት፤ ይግባኝ የሚሰማው ሉክሰምበርግ ነው። ከሕግ ዳኞቹ ጎን የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያላቸው ዳኞችም ይሰየማሉ፤ ይህ በእኔ ግምት የተቋሙ ምርጥ ነገር ነው። ባለመብት ካሸነፈ እገዳው በአንድ ቀን በሁሉም አባል አገሮች ይጸናል። ፓተንቱ ከተሻረም በሁሉም በአንድ ቀን ይሻራል። ይህን የፈሩ ኩባንያዎች፣ በሽግግሩ ሰባት ዓመት በተፈቀደላቸው መሠረት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የድሮ ፓተንቶቻቸውን ከፍርድ ቤቱ ሥልጣን አስወጥተዋል።

ጉልበቱ ቶሎ ታየ። 10ኤክስ ጂኖሚክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በሴል ውስጥ ያለን አር.ኤን.ኤ. የሚያሳይ መሣሪያ የሚሸጠውን ናኖስትሪንግን ከሰሰ፤ በሴፕቴምበር 2023 የሙኒክ ችሎት ዋናው ክርክር ሳይሰማ፣ በጊዜያዊ ትእዛዝ፣ ሽያጩን በ17ቱም አገሮች አገደ። በፌብሩዋሪ 2024 ሉክሰምበርግ ያለው ይግባኝ ሰሚ ችሎት የፓተንቱ ጽናት ያጠራጥራል ብሎ እገዳውን አነሳ። ናኖስትሪንግ ግን አሜሪካ ውስጥም በዚሁ ተከራካሪ ተረትቶ ስለነበር በዚያው ወር መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር። አምስት ወር ለአንድ ኩባንያ ረጅም ጊዜ ነው። በአንድ ትእዛዝ 17 አገር የሚዘጋ ፍርድ ቤት ለጊዜያዊ እገዳ እጁ ሊከብድ ይገባል እላለሁ።

አውሮፓ ይህን ሁሉ የምትደክመው ለምንድን ነው? የቀድሞው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ድራጊ ስለ ኅብረቱ ተወዳዳሪነት በሴፕቴምበር 2024 ያቀረቡት ዘገባ፣ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከባዶ ተነስቶ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዋጋ ያወጣ የኅብረቱ ኩባንያ የለም ይላል። ምክንያት ብሎ ከሚቆጥራቸው አንዱ የተቆራረጠው ገበያ ነው፤ አገሮቹ ሁሉ አሃዳዊውን ፓተንት እንዲቀበሉም ይመክራል። ያ ማለት ግን ፓተንት በበዛ ቁጥር ፈጠራ ይበዛል ማለት አይደለም። ይኸው የአውሮፓ ፓርላማ በጁላይ 2005 የሶፍትዌር ፓተንትን የሚመለከተውን ረቂቅ በ648 ድምፅ ተቃውሞ፣ በ14 ድጋፍ ጥሎታል።

ወደ ጤፍ ልመለስና ላብቃ። የዚያ ፓተንት ዘመን 20 ዓመቱን ቢጨርስ እንኳ በ2024 ያበቃ ነበር። ነገ በእንሰት፣ በኮሶ ወይም በሌላ የእኛ ነገር ላይ ተመሳሳይ ማመልከቻ ቢመጣና አሃዳዊ ቢሆን፣ በ18 አገሮች በአንዴ ያግዳል፤ የሚሻረውም በአንድ ክስ ነው። ለዚህ ክስ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት የተተመነው ክፍያ 20,000 ዩሮ ነበር፤ የጠበቃው ለብቻው ነው። ከዚያ በፊት ግን ርካሹ መንገድ አለ። ፓተንት መሰጠቱ ከታወጀ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወራት ውስጥ፣ የየትኛውም አገር ሰው ሙኒክ ላለው ቢሮ መቃወሚያ ማስገባት ይችላል። ቢሮው የሰጣቸውን ፓተንቶች በየሳምንቱ ረቡዕ በነጻ በሚነበብ ጋዜጣ ያወጣል፤ ዘጠኙ ወር የሚቆጠረውም ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ነው።