ቶተ ጃዙ ምንድን ነው?

«አለ» ብዬ ብጽፍ እንዴት ታነቡታላችሁ? «ለ» ከላላ «ተናገረ» ነው፤ ከጠበቀ «ይገኛል» ነው። ፊደሉ አይነግረንም። ከዓረፍተ ነገሩ ገምተን እናልፋለን።

በመካከለኛው እስያ የሚኖሩት ካዛኮችም እንዲህ ያለ ራስ ምታት ነበረባቸው። የእነሱ ጣጣ ግን አናባቢ ላይ ነው። «ቶተ ጃዙ» ለዚያ የተገኘ መፍትሔ ነው። በካዛክኛ «ቀጥ ያለ ጽሕፈት» እንደ ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለት ቃል ላሳያችሁ። እሳት በካዛክኛ «ኦት» ነው። ሐሞትም በእኛ ፊደል ቢጻፍ ያው «ኦት» ነው። ድምፁ ግን ሌላ ነው። ከንፈርን «ኦ» ለማለት አሞጥሙጡና ምላስን «ኤ» እንደሚል ሰው ወደ ፊት ግፉ። ሰው በሌለበት ሞክሩት። እሳቱ ወፍራም ነው፣ ሐሞቱ ቀጭን። «ወፍራም» እና «ቀጭን» የሚሉት ካዛኮቹ ራሳቸው ናቸው። ደንቡ ደግሞ ግሩም ነው፤ በአንድ የካዛክኛ ቃል ውስጥ ያሉት አናባቢዎች ወይ ሁሉም ወፍራም፣ ወይ ሁሉም ቀጭን ይሆናሉ። ከውጭ የመጣ ቃል ካልሆነ በቀር አይቀላቀሉም።

ካዛኮች ድሮ የሚጽፉት በዐረብ ፊደል ነበር። ለዐረብኛ የተሠራ ልብስ ለካዛክኛ አልሆን አለ። አናባቢ ያጥረዋል፤ በአንጻሩ ካዛክ የማይጠራቸው ድምፆች ፊደል ይዘው ቁጭ ብለዋል። የእኛን የሀ፣ የሐ እና የኀ ጭቅጭቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1912 አንድ መምህር ሥራውን አጠናቀቁ። አኽመት ባይቱርሲኖቭ ይባላሉ። ትርፍ ፊደላቱን ጣሉ። ለአናባቢዎቹ ፊደል ሰጡ። ለወፍራሙ አንድ፣ ለቀጭኑ ሌላ ፊደል መፍጠር ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በቃሉ ራስ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ጨመሩ። ሃምዛ የተባለችውን የዐረብኛ ምልክት ትመስላለች፤ ስሟ ዳየክሼ ነው። ምልክቷ ካለች ቃሉን ሙሉውን አቅጥነህ አንብብ፤ ከሌለች አወፍረህ። በቃ። እሳት ያለ ምልክት፣ ሐሞት ከነምልክቷ። እንዲያውም አንዳንዴ እሷም አታስፈልግም። «ክ» እና «ግ» የሚሄዱት ከቀጭን አናባቢ ጋር ስለሆነ፣ ቃሉ ውስጥ ከታዩ አንባቢው ገብቶታል። 24 ፊደልና አንዲት ምልክት! ቋንቋውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ የሰማ ሰው ሥራ ነው።

አኽመት የተወለዱት በ1872 በቶርጋይ አካባቢ ነው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ከአውራጃው የሩሲያ ሹም ጋር ተጣልተው ለ15 ዓመት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ልጁ ተምሮ መምህር ሆነ። በ1909 የዛሩ መንግሥት እሳቸውንም አሰራቸው። በኋላ ከ1913 ጀምሮ ኦረንበርግ ከተማ ላይ «ካዛክ» የተባለ ጋዜጣ አዘጋጁ። የካዛክኛ ሰዋስው ቃላትንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኛ «ባለቤት» የምንለውን «ጀማሪ» አሉት፤ «ማሰሪያ» የምንለውን ደግሞ «ተራኪ»። አንድም የሩሲያኛ ቃል አልተበደሩም። ዛሬም የካዛክ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚማረው በእነዚሁ ቃላት ነው።

ሶቪየቶች ሲመጡ መጀመሪያ ሾሟቸው። የትምህርት ኮሚሳር ነበሩ። ከዚያ የላቲን ፊደል ጉዳይ መጣ። በ1926 የቱርክ ቋንቋዎች (ካዛክኛም ያለበት የቋንቋ ቤተሰብ) ምሁራን በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ላይ ተሰበሰቡ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዐረብኛውን ጥለን ወደ ላቲን እንሂድ ወይስ አንሂድ? አኽመት ተቃወሙ። ለቋንቋችን የሚበቃ የተስተካከለ ፊደል አለን፣ ለምን ብለን እንቀይራለን? ነበር ክርክራቸው። ጉባኤው በሰፊ ድምፅ ላቲንን መረጠ።

በ1929 ካዛኮች ወደ ላቲን ገቡ። በዚያው ዓመት አኽመት ታሰሩ። እሳቸው ወደ አርካንግልስክ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ወደ ቶምስክ ተጋዙ። በ1934 የሩሲያዊው ደራሲ የማክሲም ጎርኪ ባለቤት የነበሩት የካተሪና ፔሽኮቫ ለፍተው አስፈቷቸው። በ1937 «ብሔርተኛ» ተብለው እንደገና ተያዙ፤ በታኅሣሥ ወር አልማቲ ላይ ተረሸኑ።

«ላቲንን ስለተቃወሙ ነው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ባኩ ላይ ለላቲን የተሟገቱት የክራይሚያ ታታሩ ገጣሚና ምሁር በኪር ቾባንዛደም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተረሽነዋል። ጉባኤውን ካዘጋጁት አንዱ የነበሩት ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሳሞይሎቪች በ1938 የካቲት ተከተሏቸው። ደጋፊውም፣ ተቃዋሚውም፣ አዘጋጁም አንድ ጽዋ ጠጡ። ክሱም ተመሳሳይ ነው፤ የቱርክ ሕዝቦችን አስተባብሮ ከሞስኮ ለመገንጠል ማሴር፣ ወይም ለውጭ አገር መሰለል። የሕዝቦቹን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር የእነዚህ ሰዎች ሙያ ነበር። መርማሪው ያንኑ ሙያ ማስረጃ አደረገው።

ላቲኑም ቢሆን አልከረመም። ቱርክ በ1928 ላቲንን ስትይዝ ሞስኮ መቆርቆር ጀመረች። በ1940 ካዛኮች ወደ ሩሲያው ሲሪሊክ ተዛወሩ። አስቡት፤ በልጅነቱ በዐረብ ፊደል የተማረ ሰው አርባ ዓመት ሳይሞላው ሁለቴ «ማይም» ሆነ። የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ የማይችል የልጅ ልጅም ተወለደ።

የአኽመት ስም የተመለሰው በ1988 ነው። ዛሬ አልማቲ ያለው የቋንቋ ጥናት ተቋም በእሳቸው ስም ይጠራል። ካዛክስታን ደግሞ በ2017 እንደገና ወደ ላቲን እሄዳለሁ ብላ አወጀች፤ ነገሩ እስካሁን እየተጎተተ ነው።

ቶተ ጃዙ ግን አልሞተም። ድንበሩን ተሻግሮ ቻይና ገባ። ሺንጂያንግ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካዛኮች አሉ። በመሃል ላቲን ተሞክሮባቸው ነበር፤ በ1980ዎቹ ወደ አኽመት ፊደል ተመለሱ። ዳየክሼም ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት ዝርዝር ውስጥ፣ የራሷ ቁጥር አላት፤ 0674። ካዛኩ ስልኩ ላይ «ሐሞት» ብሎ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚነካት እሷን ነው።