አስርዮሽ ቁጥርን ለእይታ ማሰናዳት (በተለይ በፓይተን)

ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠን ባለ ነጥብ ቁጥር ሰው በሚያነበው መልክ መጻፍ፣ በፕሮግራመሮች አነጋገር «ፎርማት ማድረግ» ይባላል። ከነጥቡ በኋላ ስንት አሃዝ ይታይ? ሺዎቹ በምን ይለዩ? ትርፉ ይቆረጥ ወይስ ይጠጋጋ? ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ላይ ጀማሪ ተማሪዎችን ስናግዝ ከያዝነው ማስታወሻ የተጠናቀረ ነው። ማስታወሻው በአብዛኛው ፓይተን ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ሚዛኑ ወደዚያ ያጋድላል።

የችግሩ ምንጭ

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ነው። ለእኛ ቀላል የሆነው 0.1 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀመጠው 0.1 ራሱ ሳይሆን ለእሱ በጣም የቀረበው ቁጥር ነው። አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚከተሉት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 ነው። በተለመደው የ64 ቢት አቀማመጥ የቁጥሩን አሃዞች የሚይዙት 53 ቢቶች (የ0 ወይም የ1 ቦታዎች) ናቸው። ወደ አስርዮሽ ሲመለስ ከ15 እስከ 17 አሃዝ ይሆናል። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መጀመሪያ ያየ ተማሪ ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል። ላፕቶፑ ደህና ነው።

ከፎርትራን እስከ ፓይተን

ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የቁጥሩን ስፋትና የአሃዞቹን ብዛት መወሰኛ ትእዛዝ ነበረው። ሲ (C) የተባለው ቋንቋ ደግሞ የመቶኛ ምልክት፣ ነጥብ፣ 2 እና ኤፍ ፊደልን የሚያጣምረውን አጻጻፍ ለብዙ ቋንቋዎች አወረሰ።

ፓይተን ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ከሲ የተወረሰው የመቶኛ ምልክት ነው። ሁለተኛው በ2008 (እ.ኤ.አ.) የመጣው የፎርማት ዘዴ ነው። ሦስተኛው በታኅሣሥ 2016 (እ.ኤ.አ.) ከፓይተን 3.6 ስሪት ጋር የወጣው ኤፍ-ስትሪንግ ነው። ዛሬ አዲስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛውን ቢይዝ ይበቃዋል። በጠማማ ቅንፍ ውስጥ የቫሪያብሉ (ቁጥሩን የያዘው መጠሪያ) ስም ይገባል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ ነጥብ 2 እና ኤፍ። 1234567.891 በዚህ ሲያልፍ 1,234,567.89 ሆኖ ይወጣል። ከኮማው በፊት ስፋት ከተሰጠ ቁጥሮቹ በቀኝ ተሰልፈው እንደ ደረሰኝ ዓምድ ይቆማሉ። በኤፍ ፈንታ የመቶኛ ምልክት ከገባና ነጥብ 0 ከተባለ 0.15 ራሱ 15% ይሆናል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ምቹ ነው። አንድ ትንሽ ቅሬታም ነበር፦ -0.04 በአንድ አሃዝ ሲታይ -0.0 ይላል። በ3.11 ስሪት ላይ ይህን ማጥፊያ ምልክት ተጨመረ። ከ3.1 ስሪት ወዲህ ደግሞ ፓይተን ምንም ሳይታዘዝ ሲጽፍ፣ ቁጥሩን ሳያዛባ የሚመልሰውን አጭሩን አጻጻፍ ይመርጣል። ከዚያ በፊት 0.1 ብለው አስገብተው 0.10000000000000001 የሚያዩ ነበሩ።

ብርና ሳንቲም

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ዋጋ ስንናገር «ዘጠኝ ከሃምሳ» እንላለን እንጂ «ዘጠኝ ነጥብ አምስት» አንልም። ስክሪኑ 9.5 ብሎ ካሳየ «ዘጠኝ ከአምስት» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። ያ ደግሞ 9.05 ነው። ስለዚህ የብር መጠን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ይጻፍ። ይህ ምርጫ አይደለም።

ሌላው ስህተት ቀድሞ ማጠጋጋት ነው። እንበል፣ ከታክስ በፊት 8.25 ብር የሆነ እስክሪብቶ 4 ተገዛ። 15% ሲጨመር አንዱ 9.4875 ይሆናል። በየመስመሩ ወደ 9.49 አጠጋግቶ የደመረ 37.96 ያገኛል። መጨረሻ ላይ ያጠጋጋ ግን 37.95። አንዲት ሳንቲም ናት፤ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ለአንዲት ሳንቲም ሲል ያመሻል። በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ይህን እምብዛም አይስቱም። (ይህን የምንለው እኛው ነን።) ለገንዘብ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን፣ ቁጥርን በአስርዮሽ እንዳለ የሚይዘውን የዴሲማል ሞጁል መጠቀም፣ ወይም ሁሉንም በሳንቲም ሙሉ ቁጥር መያዝ ይመከራል።

የግማሽ ክርክር

2.5 ወደ 2 ወይስ ወደ 3? ትምህርት ቤት 3 ተምረናል። የፓይተን ሦስተኛው ስሪት ግን 2 ይላል፤ እኩል ሲሆንበት ወደ ተጋማሹ ቁጥር ይሄዳል። ጃቫስክሪፕት በተባለው ቋንቋ ቁጥር የሚያሰናዳው ቱፊክስድ 3 ይላል። ሌላው ቋንቋ ጃቫ ደግሞ ሁለት ልብ ነው፦ ዴሲማልፎርማት የተባለው መሣሪያው 2፣ ስትሪንግ ፎርማት የተባለው 3 ይላል። ወደ ተጋማሽ መሄዱ ብዙ ቁጥር ሲደመር ወደ ላይ አያጋድልም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው ማለት ይቻላል። 2.675 ወደ 2.67 መውረዱ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። የተቀመጠው ቁጥር ከመጀመሪያውም ከ2.675 በጥቂቱ ያንሳል።

ሌሎች

ጀርመኖች ነጥቡንና ኮማውን ያቀያይራሉ፤ የእኛ 1,234.50 እነሱ ጋ 1.234,50 ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮም የአስርዮሽ ነጥብም ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፓይተንም ፩ን አሃዝ ነው ይላል፣ የአስርዮሽ አሃዝ ግን አይደለም ብሎ ወደ ሙሉ ቁጥር ለመቀየር እምቢ ይላል።

ሁለት አሃዝ ለብር ይበቃል፣ ለካርታ አይበቃም። በኬክሮስ 0.01 ዲግሪ 1.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት አሃዝ ከነጥቡ በኋላ ሲቀመጥ ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ያለውን የዓሣ ገበያ በሁለት አሃዝ ያስቀመጠ፣ ደንበኛውን ሐይቁ መሀል ሊያደርሰው ይችላል።