«መከራ ይምከረው» የሚባለው ለማን ነው?

ሐምሌ 2016 ላይ፣ የገዜ ጎፋ የመሬት ናዳ ዜና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰዎች ጭቃውን በአካፋና በባዶ እጃቸው ይቆፍራሉ። ከጎኔ ስቴኪኒ የነከሰ ሰውዬ ራሱን ነቀነቀና፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለ። ጓደኛው «እውነት ነው» ብሎ ስኳሩን ማማሰል ቀጠለ።

ኧረ ምን ተመክረው ነው? እምቢ ያሉትስ ምኑን ነው? ተራራ ሥር ጎጆ ቀልሰው እንደ አባቶቻቸው ከመኖር በቀር ምን አጠፉ? ያውም መጀመሪያ የተናደው አፈር ብቻ አይደለም የጨረሳቸው። ጎረቤት የተቀበሩትን ላውጣ ብሎ ሲሮጥ፣ አፈሩ እንደገና ተናደና አዳኞቹንም ደፈናቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እዚህ ታሪክ ውስጥ እምቢተኛ ካለ፣ ጎረቤቱ ተቀብሮ እጁን አጣጥፎ መቀመጥን እምቢ ያለው ነው።

የተረቱን ትርጉም አልዘረዝርም፤ የማያውቀው የለም። እኔን የሚበላኝ ከየት መጣ የሚለው ነው። አንዳንዱ ከየኔታ አለንጋ ያመጣዋል። ሌላው ከችሎት ያመጣዋል። እኔ ግን ከእርሻ ነው የመጣው፣ ወይፈን ከመግራት ነው ባይ ነኝ። በዚህ ሽንጤን ገትሬ እከራከራለሁ።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ቡልጋ አጎቴ ዘንድ እላክ ነበር። ጋሼ ወይፈን ሲገራ ያየሁት እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ማረሻ የሚባል ነገር የለም። ወይፈኑን ከአሮጌው በሬ ጋር ባዶ ቀንበር ያሸክመዋል፤ በቃ። አሮጌው በሬ ዳለቻ ይባላል። ዓለም የሰለቸው፣ ማመንዠክ ብቻ የቀረው በሬ ነው። ወይፈኑ ይዘላል፣ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ዳለቻ ግን ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ጎን ለጎን እየሄደ ወይፈኑን ያወራዋል። በቃ እንደ ሰው ያወራዋል! «ና የኔ ጌታ። ቀስ። ወዲህ ወዲህ። ዋ!» ጅራፉን አየር ላይ ያጮኸዋል እንጂ ጀርባው ላይ አያሳርፈውም። ሲመሽ ቀንበሩ ያረፈበትን ጫንቃ በመዳፉ ይዳብሳል። የተላጠ ቦታ ካገኘ ቅቤ ይቀባዋል፤ ከዚያ ጨው ያስልሰዋል። (እኔን እንዲያ አባብሎኝ አያውቅም።)

ወይፈኑ ቀንበሩን ሲለምድ ግንድ ያስጎትቱታል። ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ፣ ክብደቱን እንዲያውቀው ብቻ። እንግዲህ የኔ መላምት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «ምከረው» ሁለት ጊዜ የተባለው ለዜማ ብሎ አይደለም። አንደኛው ምክር ባዶ ቀንበሩ ነው፤ ሁለተኛው ግንዱ። ማስረጃህ የታል ብትሉኝ ማስረጃዬ ጋሼ ነበር፤ እሱም አርፏል። ግን ተረቱን ወይፈን እያሰባችሁ ድገሙትና እዩት። ልክክ ይላል።

ማረሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይፈኑ ፈር ጀመረና መሀል ላይ ዘጭ ብሎ ተኛ። ተለመነ፣ እምቢ። ጅራቱ ተጠመዘዘ፣ እምቢ። ጋሼ እርፉን ለቀቀና «እንግዲህ መከራ ይምከረው» አለ። ከቀንበሩ ሳይፈታው ግራር ሥር ሄዶ ቁጭ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዱ በሬ ሲተኛ ቀንበሩ የሌላውንም አንገት ወደ መሬት ይጎትታል፤ ዳለቻ አንገቱን እንደደፋ ቆሞ ቀረ። ለጋሼ ምሳ መጣለት። ሰፌዱን ሳይከፍት ዓይኑን ወይፈኑ ላይ ተክሎ ዋለ። ወይፈኑ ሲነሳ ነው እጁን የታጠበው።

ልብ በሉልኝ። ያ መከራ ልክ ነበረው። ደጋግሞ የመከረ ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ደግሞ ቤቱ አልገባም። በምንም ነገር ያላጠፋው ዳለቻም አብሮ ዋለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የዓለሙ መከራ ግን አብዛኛው እንዲህ አይደለም።

ክፉ ቀንን ውሰዱ። በ1880 ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ ወደብ ባስገቧቸው ከብቶች ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ መሬቱ ጦሙን አደረ። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ድረስ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አዲስ አበባ ገና መቆርቆሯ ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። እስቲ የቡልጋን ገበሬ ምፅዋ ላይ ስለተራገፈ ከብት ማን መክሮት ያውቃል? መከራው የወረደው ወይፈኑን አባብሎ በሚገራው ሰው ላይ ነው፤ ወይፈኑንም ነጥቆት።

በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ነው። ያጠፋው ደግሞ ክትባት ነው። አፋር በረሃ ድረስ ክትባት ይዘው የገቡ ሰዎች ናቸው፤ ከአርብቶ አደሩ መሀል ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት የከተቡም አሉ። «እምቢ ካለ» ተብሎ ቢተው ኖሮ ዛሬም ከብታችንን ይፈጅ ነበር።

ወንጌሉም ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች አልነበሩም ተብሏል። «ንስሐ ግቡ» የተባሉት ወሬውን የሰሙት ናቸው። ግንቡ ለምን በነዚያ ሰዎች ላይ ወደቀ ለሚለው ግን ማብራሪያ አልተሰጠም። በዓለም ላይ መከራ ለምን እንዲህ በዛ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከኔም መልስ አያገኝም፤ ከዚህ ተረትም አያገኝም። ተረቱ ለአንድ እምቢተኛ የተበጀ ነው። ለአገር፣ ለጎርፍና ለወረርሽኝ አልተሰፋም።

እኛ ግን ገልብጠነዋል። መከራውን ስናይ ጥፋቱን እንፈልጋለን። ልጅ ባሕር ላይ ሰጠመ ሲባል «አልተመከረም እንዴ?» እንላለን፤ እዚህ ሥራ ፈልጎ ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ ሳንጠይቅ። የታመመ ጎረቤት ስንጠይቅ እንኳ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆነን «ድሮም ስልህ ነበር» የምንል ሞልተናል። ብርቱካን ይዞ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ነበረበት?

ሰሞኑን ደግሞ ከፒያሳ በያዝኩት ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተለጥፎ አየሁት፤ «እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። በቃ ይኸው ነው። «ምከረው ምከረው» የሚለው የለም። ለምን ተቆረጠ ብዬ ረዳቱን ብጠይቀው፣ «ፋዘር፣ ቦታ አልበቃም» አለኝ። ከሥሩ አበባ ተስሎበታል።