ጄልኮት ምንድን ነው? የጀልባ ወለል ላይ ያለ የዘይት እድፍስ ለምን አልለቅ ይላል?

ጣና ላይ ከሚሠሩት የፋይበር ግላስ ጀልባዎች አንዱ ላይ ውጡና ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ወደተሰቀለበት ሂዱ። ነጩ ወለል እዚያ ጋ ሲደርስ ቡናማ ይሆናል። እድፉ ቤንዚን በጀሪካን ከኦሊዮ ጋር ሲቀላቀል ጠብ ያለው ነው። በጫማ ተረግጧል፣ ፀሐይ መትቶታል። ባለጀልባው በኦሞ ያሸዋል። አልለቅ ሲለው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ያነሣል። እጁን ልይዘው የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሽቦው የሚፍቀው እድፉን ብቻ አይደለም፤ ጄልኮቱንም ነው።

ጄልኮት የፋይበር ግላስ ጀልባ የውጭ ልባስ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀለም ከገባበት ፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ ከሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ይሠራል። ብዙ ሰው ተራ ቀለም ይመስለዋል። ተራ ቀለም ግን የሚቀባው ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ጄልኮት መጀመሪያ ይገባል። የጀልባውን ቅርጽ የሚያወጣው ፎርማ በሰም ይወለወላል፣ ጄልኮቱ ይረጭበታል፣ ከዚያ ፋይበር ግላስ የሚባለው የመስታወት ክር በሬዚን እየራሰ ይደራረብበታል። ሁሉም ሲደርቅ ጀልባው ከፎርማው ይላቀቃል። ከሥር የነበረው ጄልኮት አሁን የሚያብረቀርቀው ፊት ይሆናል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በቃ። በሽቦ የሄደው ተመልሶ አይመጣም።

ታዲያ እድፉ ለምን ይገባበታል? ጄልኮት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ሰም ሲቀባ ይደፈናሉ። ፀሐይ ግን ልባሱን ቀስ በቀስ ትበላዋለች። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የዚያን ከፍታ ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያረጀ ጄልኮት ላይ ጣታችሁን ብታሹ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ይዞ ይመጣል። ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ልባሱ ደህና ነው። ተዘርግቶ ከቀረ ዘይቱም እንዲሁ ይገባል። ሳሙና ላይ ላዩን ያጥባል እንጂ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም።

ስለዚህ ሥራው መፋቅ ሳይሆን መሳብ ነው። ገና የፈሰሰ ከሆነ አትሹት፤ ያሰፋዋል። በጨርቅ ተጭናችሁ አንሡት ወይም ሰጋቱራ ነስንሱበት። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ። ለከረመው እድፍ ቤኪንግ ሶዳን በፈሳሽ ሳሙና እንደ ሊጥ ለውሱና ለጥፉበት። ሲደርቅ ዘይቱን ይዞ ይነሣል። አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል፤ ደጋግሙት። እግር እንዳያንሸራትት ተብሎ ሻካራ የተደረገው ወለል ላይ ዘይቱ በየስርጉዱ ስለሚደበቅ ብሩሹን በሁሉም አቅጣጫ አዙሩት።

አሴቶን የሚባለው ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ ፈጠን ብላችሁ ጥረጉ እንጂ አታፍስሱት። ጓንት አድርጉ። ቤንዚንና ሲጋራ አጠገቡ አይድረሱ። በረኪናን ግን ተዉት። ዘይት አያሟሟም፣ የቀረውን ሰም ይዞት ይሄዳል።

እድፉ ሲለቅ ለስላሳውን ክፍል ሰም ቀቡት፤ ቀዳዳዎቹ ካልተደፈኑ የሚቀጥለው ጠብታ ይገባል። ሰው የሚረግጠው ሻካራ ወለል ላይ ግን ተራ ሰም እንዳትቀቡ። ያንሸራትታል፤ ጀልባ ላይ መንሸራተት ደግሞ ሐይቅ ውስጥ መግባት ነው።

እጥበቱን ሐይቁ ላይ አትሥሩት። ሳሙና ዘይትን ይበታትነዋል እንጂ አያጠፋውም። ዓሣ የሚወጣው፣ ልጆች የሚዋኙት ከዚያው ውሃ ነው። ጀልባውን ወደ የብስ አውጡት፣ ቆሻሻውን ውሃ በስፖንጅ እየመጠጣችሁ ባልዲ ውስጥ ጭመቁት። ኦሊዮና ቤንዚኑንም ጀልባው ላይ ሳይሆን ከዳር፣ ከሥሩ ሰፊ ትሪ አድርጋችሁ ቀላቅሉት።